ለጭላዳ የተበተነ ቆሎ

ባዩ ዓይናለምን መጀመሪያ ያያት ስትቆጣው ነው። ከደብረ ታቦር እንግዶች ይዞ፣ ጭላዳ ሊያሳያቸው ጉና ተራራ ወጥቶ ነበር። መንጋው መሃል ዘው ሊል ሲል፣ ከገብስ ማሳ ጫፍ ወንጭፍ ያነገተች ልጅ ጮኸችበት።

«አንተ ሰውዬ! ሰው ቤት ሳይጠሩህ ነው እንዴ የምትገባው?»

ባዩ ክው አለ። ሦስት ዓመት ሲያስጎበኝ እንዲህ ያዋረደው አልነበረም!

«እና ምን ላድርግ?»

«ራቅ ብላችሁ ቁጭ በሉ። እነሱ ሳራቸውን ይንጩ፣ እናንተም ዝም ብላችሁ እዩ።»

ተቀመጡ። እንግዶቹ ጭላዳ ሲያዩ ባዩ ልጅቷን ያይ ነበር።

ከዚያ ወዲያ እንግዳ ኖረም አልኖረም ጉና መውጣት አበዛ። ዓይናለም ማማ ላይ ሆና የአባቷን የአያ ጌጡን ገብስ ትጠብቃለች፤ እሱ ከታች አንጋጦ ያወራታል። ሲመለስ የገብስ ቆሎ ትቋጥርለታለች።

«ሽማግሌ የምትልከው መቼ ነው?» አለችው አንድ ቀን፣ ዓይኗን ሰበር አድርጋ።

«እህሉ ይግባና...»

ጥፋቱን ያጠፋው በዚያው ሳምንት ነው። እንግዶቹ ቸኩለዋል፤ ጭላዳዎቹ ደግሞ ርቀው ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጠዋል። «ቀረብ አይሉም?» እያሉ ነዘነዙት። ባዩ የዓይናለምን ቆሎ አውጥቶ በተነ። አንዱ ቀመሰ፣ ሌላው ተከተለ። ፎቶው አማረ። በማግስቱ ደገመው፣ በሳምንቱ ሠለሰው።

ሳር ሲነጭ የኖረ መንጋ የገብስ ጣዕም ለመደ። አንድ ማለዳ ወርዶ የአያ ጌጡን ማሳ እኩሌታውን እንዳልነበረ አደረገው። ሰው ሲያይ ይሸሽ የነበረ ጭላዳ፣ አሁን እጅ እጅ እያየ ይቀርባል።

«ይሄ የሰው እጅ አለበት» ተባለና አውጫጭኝ ተጠራ። አገሬው ተሰብስቦ፣ አንድ በአንድ እየተነሣ «አላደረግሁም፣ አላየሁም፣ አልሰማሁም» ብሎ መስቀል ይዞ ይምላል። ባዩም ተጠርቶ መጣ፤ ከኋላ ቆሞ አንገቱን ደፋ። ልናገር ይልና ዓይናለምን አጣለሁ ብሎ ይፈራል። ማፈሩ አፉን ያዘው።

ተራው ዓይናለም ላይ ደረሰ።

«ልጄ፣ ያየሽው አለ?» አሉ መስቀሉን የያዙት ቄስ ቀለመወርቅ።

ዞር ብላ ባዩን አየችው። ያኔ ገባው... ከማማው ላይ ሆና አይታዋለች! አይታ፣ ለአባቷ እንኳ ሳትናገር ብቻዋን ይዛው ኖራለች። አሁን ለሱ ስትል በሐሰት ልትምል ነው። እጇን ወደ መስቀሉ ዘረጋች።

«አትማይ!» ብሎ ጮኸ ባዩ። «እኔ ነኝ! ቆሎ እየበተንኩ ያስለመድኳቸው እኔ ነኝ። ለፎቶ... ለፎቶ ብዬ!»

አያ ጌጡ ቀስ ብለው ተነሡ።

«ቆሎውን ከየት አመጣኸው?»

ባዩ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«ከርስዎ ቤት። ልጅዎ ስንቅ ብላ የሰጠችኝን ነው።»

ዓይናለም ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ አለቀሰች። ያን ለቅሶ ሲያስታውስ ባዩ እስከ ዛሬ አንገቱን ይደፋል።

እህሉ እስኪገባ የተረፈውን ማሳ እንዲጠብቅ ተፈረደበት። ወር ሙሉ ማማ ላይ ዋለ። እንግዳ ሲመጣም ምግብ በእጁ አያስይዝም፤ እንግዳውን ከመንጋው ራቅ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ጭላዳዎቹ መጥተው መጥተው ምንም ሲያጡ፣ ቀስ በቀስ ወደ ሳራቸው ተመለሱ። ዓይናለም ምሳውን ከማማው ሥር አስቀምጣ ሳታናግረው ትሄዳለች። አንድ ቀን ግን ቆም አለች።

«ሳይህ ለምን ዝም እንዳልኩ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«ራስህ ትናገራለህ ብዬ ነው። ጠበቅሁህ... ቆየህብኝ! ልታስምለኝ ነበር እኮ!»

«አፍሬ ነው፣ ዓይኔ።»

«አሁንስ?»

«አሁንም አፍራለሁ። ግን እወድሻለሁ!»

ያን ቀን ምሳውን እስኪጨርስ አጠገቡ ተቀመጠች።

እህሉ ሲገባ ሽማግሌ ላከ። እንቢ እንደሚባል አልተጠራጠረም፤ አጥር ጥግ ቆሞ ያዳምጣል። አያ ጌጡ ሽማግሌዎቹን ቁጭ በሉ ሳይሉ አቆዩአቸው።

«ማሳዬን ያስበላ ሰው ነው» አሉ በመጨረሻ። «ግን ልጄ በሐሰት ከምትምል፣ እሱ አገር ፊት መዋረድን መረጠ። የሚያፍር ሰው ሚስቱን አያሳፍርም። በሉ ቁጭ በሉ፤ ቀኑን እንቁረጥ።»