በገብስ ማሳ ሰፈር የቀረው አውድማ

«ቶሎ ይድረሱ፤ በአንዱ ሬሳ ላይ ሌላ ሳይጨመር!»

ኢንስፔክተር ዘርፌ በስልክ የሰማችው ይህን ብቻ ነበር። ቅዳሜ ማለዳ ከአርብ ገበያ ከተማ ዳር ወዳለው ገብስ ማሳ ሰፈር ስትደርስ፣ አቶ ዋለ በገዛ አውድማቸው መካከል በጀርባቸው ተዘርግተዋል። ጫማዋን ጠርዙ ላይ አውልቃ ወደ ሬሳው ቀረበች። ከጆሯቸው በላይ አጥንታቸው ሰርጉዷል፤ ደሙ አንገታቸውና ጋቢያቸው ላይ ደርቋል። በቀኝ ብብታቸው ሥር ቢጫ የመሬት መለኪያ ሜትር ተሸጉጧል።

ሜትሩ የማን እንደሆነ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። የደላላው የምንይችል ነው፤ አውድማው ላይ ቤት እሠራለሁ ሲል ሰንብቷል።

የዛሬ አስራ ሁለት ዓመት ቦታው እውነትም የገብስ ማሳ ነበር። መጀመሪያ አንድ ወፍጮ ቤት መጣ፤ ቀጥሎ መንገድ ተጠረገ፤ ከዚያ የጨረቃ ቤቶች ተከተሉ፤ ማታ ያልነበረ ቆርቆሮ ጠዋት ሲያብረቀርቅ ይገኝ ጀመር። ገበሬዎቹም አንድ በአንድ ማሳቸውን እየለቀቁ፣ ሲያርሱት በኖሩት መሬት ላይ ለቆመ ቤት ዘበኛ ሆኑ። ዘርፌ የእስቴ ገበሬ ልጅ ናትና ይህን ባየች ቁጥር ሆዷ ይባባል። አቶ ዋለ ብቻ አሻፈረኝ ብለው ቀሩ። ዙሪያውን ብሎኬት የከበበው ይህ አውድማና ከጎኑ ያለው ሁለት ጥማድ መሬት የመጨረሻው ነበር።

ልጃቸው አበባው ክላሹን ጭኑ ላይ አጋድሞ የገብሱ ክምር ሥር ተቀምጧል። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ቤተ ልሔም ወደምትባል የገጠር መንደር ለተዝካር ሄዶ አድሮ፣ መርዶው ሲደርሰው ከቄስ ቀለመወርቅ ጋር በሞተር መምጣቱ ነው። አላለቀሰም። ዘርፌን ያስፈራት ይኸው ነው።

ቄሱ ወደ እሷ ጠጋ አሉ። «እስከ ቀብሩ እንዲታገሥ በግዝት አስሬዋለሁ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ከዚያ ወዲያ ግን እኔም አልችለው።»

«ከዚያ ወዲያ ምን ሊያደርግ ነው?»

«የአባቱን ደም ሊመልስ ነዋ። ምንይችልን ሊገድል።»

ምንይችል ገና ሳይነጋጋ ሮጦ ፖሊስ ጣቢያ ገብቷል። ጣቢያ የገባ ሰው ግን አንድ ቀን ይወጣል፤ ደም መላሽ ደግሞ ትዕግሥት አያጣም። ዘርፌ ሰዓቷን አየች፤ አንድ ሰዓት ከሩብ ይላል።

የሟቹን ልጅ ማንጠግቦሽን ለብቻዋ ወሰደቻት።

«አውድማውን የለቀለቀው ማን ነው፣ እህቴ?»

«እኔ ነኝ። ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለቅልቄ ጨረስኩ። ሰኞ ገብሱን ልንወቃ ነበር። እበቱ እስኪደርቅ ማንም እንዳይረግጠው አባቴ ራሱ ቆሞ ሲጠብቅ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«አስራ አንድ ተኩል ሲሆን ‹የማነጋግረው ሰው አለ› ብሎ ወጣ። በዚያው ወደ ተዝካሩ የሄደ መስሎኝ ነበር።» እንባዋ መጣ። «ፊቱ ጠቁሮ ነበር እኮ! ምነው በተከተልኩት!»

ዘርፌ ተመልሳ የሟቹን ኮንጎ ጫማ ሶል አየች። ቀይ አፈር አለበት፤ እበት የለበትም። ከራሳቸው በታች ያለው ልቅልቅም ንጹሕ ነው፤ ያን ያህል ቁስል ይዘው የወደቁ ሰውዬ አንዲት ጠብታ ደም አላፈሰሱበትም። ጠዋት የመጣው ሰው ዱካ አልተወም፤ ልቅልቁ በሌሊቱ ብርድ ጠንክሯል። ማታ እርጥብ ሳለ የታተመ ዱካ ግን አለ። ባዶ እግር ነው፤ አጭርና ሰፊ። ወደ ሬሳው ሲመጣ ጠልቆ ረግጧል፤ ሲመለስ ቀሎታል። በዚያው በቢጫው ሜትር ለካችው፤ ሃያ አራት ሳንቲም ሆነ።

ከአውድማው ጋር አጥር የሚጋራው ልመንህ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ቁመቱ በር የሚያጎነብሰው ዓይነት ነው።

«ከአቶ ዋለ ጋር ትጣላ ነበር ይባላል።»

«ገለባው ነው ያጣላን። ውቂያ በመጣ ቁጥር ቤቴ ገለባ ይለብሳል። ለገለባ ሰው ይገደላል እንዴ?»

«ትናንት ማታ ምን ሰማህ?»

«አስራ ሁለት ሰዓት ገደማ የእሳቸውን ድምፅ ሰማሁ። ከአውድማው በኩል አይደለም፤ ከወዲያ፣ የቤት መሠረት ከሚቆፈርበት። ‹ከእንግዲህ ደጄን አትረግጥም፤ ለቅሶዬም ላይ አትቆምም!› እያሉ ይጮኹ ነበር። የሌላው ሰውዬ ድምፅ አልተሰማኝም።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም ቸኮል የዚያ ግንባታ ዘበኛ ነው። የራሱን ድርሻ ከለቀቀ ስምንት ዓመቱ። አጭር፣ ደረተ ሰፊ ሰው ነው፤ አሮጌ የወታደር ቡትስ ተጫምቷል። ደረቱን እየደቃ ያለቅሳል።

«ያጥናዎት፣ አያ ቸኮል። ትናንት ማታ የት ነበሩ?»

«ገበያ ውዬ ማታ ዘብ ቤቴ ገባሁ። አንድም ነገር አልሰማሁ። ወይኔ ወንድሜን!»

«በቅርቡ አውድማው ላይ ገብተው ያውቃሉ?»

«እኔ? ከወንድሜ ጋር ከተኳረፍን ሁለት ዓመታችን እኮ ነው። ከዚያ ወዲህ እግሬ አላረፈበትም። ዛሬም ሬሳውን ያየሁት ከጠርዙ ቆሜ ነው፤ ጉልበቴ ከዳኝ።»

«ለአበባው ጥይት የሰጡት እርስዎ ነዎት አሉ።»

ቸኮል ልቅሶውን አቆመ። «አዎ፣ እኔ ነኝ። የአባቱ ደም ፈሶ ዝም ይበል ታዲያ? ወንድ አይደለም?»

ዘርፌ ከዚያ ወደ ጣቢያው ሄደች። ምንይችል ሹል ጫማውን እያየ ተቀምጧል።

«ሜትሩ የእኔ ነው፤ አልክድም» አለ። «ግን ሁልጊዜ ግንባታው ቦታ ነው የሚያድረው፤ ማንም ያነሳዋል።»

«አውድማው ላይ ቤት እሠራለሁ ያልከው በምን መብት ነው?»

«ገዝቼዋለሁ።»

«ከማን?»

«እሱን አልናገርም። ከተናገርኩ ሰውዬው ይገድለኛል።»

«ካልተናገርክ አበባው ይገድልሃል። ለመሆኑ የማን ልጅ ነህ?»

«የልብስ ሰፊው። እዚሁ ከተማው ውስጥ ነው ያደግኩት። በሬ ጠምጄ አላውቅም፤ እንዲያውም እፈራቸዋለሁ።»

ዘርፌ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች፤ ወዲያው ግን ፈገግታዋ ጠፋ። የደረሰችበት ነገር ከደላላው ይልቅ ለአበባው ይከብዳል።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉንም አውድማው ዳር ሰበሰበች። ሬሳው ለገነዛ ተነሥቷል። ሁለት ፖሊሶች ምንይችልን በካቴና ይዘው መጡ፤ ለቀስተኛው አጉረመረመ። አበባው ከተቀመጠበት ተነሣ።

«ሁላችሁም ወደ መካከል ግቡ» አለች ዘርፌ። «የማሳያችሁ ነገር አለ።»

ቄሱ ጫማቸውን አወለቁ። ልመንህም ጎንበስ ብሎ ነጠላ ጫማውን ወደ ጎን አኖረ። አበባውና ማንጠግቦሽ እንደዚያው አደረጉ። ማንም አላዘዛቸውም። ምንይችል ግን በሹል ጫማው ቀጥ ብሎ ገባ።

«ኧረ ጫማህን! አውድማ እኮ ነው!» ብለው ሴቶቹ ጮኹ።

ደላላው ደንግጦ ቆመ። ምን እንዳጠፋ አልገባውም። አበባው ክላሹን ጨበጠ።

«ተወው፣ አበባው። አሁን ያየኸውን ልብ በልልኝ» አለች ዘርፌ። «እህል የሚያርፍበት ቦታ በጫማ አይረገጥም። እዚህ ያደገ ሁሉ ይህን የሚያውቀው ከእናቱ ጡት ጋር ነው። አባትህ ግን ጫማቸውን እንዳደረጉ አውድማው መካከል ተገኙ። ሶላቸው ላይ እበት የለም፤ ሥራቸውም ደም የለም። በእግራቸው አልመጡም፤ ተሸክሞ ያመጣቸው ሰው አለ።»

«ምንይችል ነዋ!» አለ አበባው።

«ምንይችልማ በጫማው ይገባ ነበር፤ አሁን በዓይንህ አይተኸዋል። ሬሳውን ያመጣው ሰው ጠርዙ ላይ ሲደርስ አስቀመጠው፤ ጫማውን አወለቀ፤ እንደገና ተሸክሞ ገባ፤ ምንይችል እንዲጠረጠርም ሜትሩን ሸጎጠባቸው። እጁ ደም ነክቶ እንኳ እግሩ ልማዱን አልረሳም። ዱካው ይኸውና፤ ሃያ አራት ሳንቲም ነው። የልመንህ እግር የዚህን አንድ ተኩል ያህል ይሆናል። አንተ ደግሞ ቤተ ልሔም ነበርክ። ከሁሉም በላይ አባትህ ሲጣሉ ያሉትን አስብ፤ ‹ለቅሶዬ ላይ አትቆምም› አሉ። ይህ ለደላላ አይባልም። ለሥጋ ዘመድ ነው የሚባለው።»

 ያኔ ነው ሁሉም ወደ ጠርዙ የዞረው።

ቸኮል እዚያው ቆሟል። ጫማውን አላወለቀም፤ በጫማው ለመግባትም እግሩ እምቢ ብሎታል።

«አያ ቸኮል፣ ሁለት ዓመት አልረገጥኩትም ብለውኛል። እስቲ ቡትስዎን ያውልቁ።»

አልተንቀሳቀሰም። አንዱ ፖሊስ ጎንበስ ብሎ ቀኝ ቡትሱን ሳበና ገለበጠው። ውጪው ታጥቧል። ከውስጡ ግን የደረቀ እበት ከነጭዱ ቅርፍ ቅርፍ እያለ ወደቀ።

«ገፋሁት እንጂ አልመታሁትም!» አለ ቸኮል። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ሆነ። «የመሠረቱ ድንጋይ ላይ ወደቀ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ልገድለው አልነበረም!»

«ለምን ተጣላችሁ?»

«አውድማውን የሸጠልኝ እሱ ነው!» አለ ምንይችል። «‹የእኔ ድርሻ ነው› ብሎ ፈርሞልኛል። ትናንት ገበያ ላይ ወረቀቱን ለአቶ ዋለ አሳየኋቸው።»

ማንጠግቦሽ ኡኡ አለች። አበባው ግን አጎቱን አተኩሮ አየ።

«ጥይቱን ለምን ሰጠኸኝ?»

ቸኮል አንገቱን ደፋ። የመለሰችለት ዘርፌ ናት፤ ባትመልስለት በወደደች ነበር።

«ምንይችልን ብትገድል ወረቀቱን የሚያወጣ አይኖርም። አንተ ወህኒ ትወርዳለህ። መሬቱን የሚከራከር ወንድ ከቤታችሁ ይጠፋል። አያ ቸኮል ወንድማቸውን የገደሉት ሳያስቡት ሊሆን ይችላል፤ አንተን ግን አስበው ነው።»

አበባው ክላሹን አነሣ። ዘርፌ በሁለቱ መካከል ገብታ ቆመች። ቄሱ ስሙን ጠሩት።  ረጅም ጊዜ የቆየ መሰላት፤ ከዚያ አበባው አፈሙዙን ዝቅ አድርጎ መሣሪያውን በሁለት እጁ አቀበላት። ሰዉ እፎይ አለ፤ አንዲት አሮጊት እልል ሊሉ ሲሉ ከልክለው ዝም አሰኟቸው።

ቸኮልን አንድ እግሩ ባዶ እንደሆነ ይዘውት ሄዱ።

አበባው ከዘርፌ ጎን ቆሞ ቸኮልን የጫነችው የፖሊስ መኪና በብሎኬት አጥሮቹ መካከል እስክትጠፋ ድረስ ተመለከተ።

«ኢንስፔክተር፣ ስንት ዓመት ይፈርዱበታል?» አላት።

«ዳኛ ነው የሚያውቀው። ሃያ ቢሆን ነው።»



«ያኔ እኔ አርባ ሁለት ዓመት ይሆነኛል» አለና አባቱን ሊቀብር ሄደ።