የእማዬ ድምፅ

ሜካፕ ሠሪዋ የትንሿን እህቷን አፍንጫ ፓውደር ስትቀባ ቀጭኔ ከተመልካቾች የፊት ረድፍ ሆና ታያለች፤ ቅናት አንጀቷን እያሳረራት። በቁመቷ ቀጭኔ የተባለችው ታላቅ እህትየዋ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ትንሿ ገና አሥራ ሁለት። የሰው ድምፅ በማስመሰል ስሟ ገንኖ፣ ይኸው አንድ ዝነኛ ኮሜዲያን በሚያቀርበው የቴሌቪዥን ትርኢት ላይ እንግዳ ሆና ሶፋው ላይ ተሰይማለች። እግሯ እንኳ መሬት አይደርስም።

ማስመሰሉን ያስተማረቻት ማን ሆነና። የጎረቤቱን ሳል፣ የርዕሰ መምህሩን ቁጣ፣ ሁሉንም መጀመሪያ ያወጣችው ቀጭኔ ናት። ግን ሰው ፊት ስትቆም ምላሷ ይተሳሰራል። ትንሿ ደግሞ ዓይን አውጣ ናት።

ባለፈው ሳምንት ከዝግጅት ክፍሉ አንዲት ሠራተኛ ለቀጭኔ ደውላ ነበር። የትርኢቱ ወግ ነው፤ ከእንግዳው ቤተሰብ አንዱ በምስጢር ይጠየቅና የተናገረውን አቅራቢው መድረክ ላይ ድንገት ያነሳዋል።

«እስቲ ማንም የማያውቀው፣ የሚያስቅ ነገር ንገሪኝ» አለች ሴትዮዋ።

«እማዬን ስታስመስል ብታዪያት» አለች ቀጭኔ። «አባዬ ጥሎን የሄደ ሰሞን፣ መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃውን ከፍታ የምታለቅሰውን። ቁርጥ እሷን።»

ስልኩን ስትዘጋ ደስ ብሏት ነበር። ትንሿ ሰው ፊት ስትደነግጥ ነው የታያት፤ እማዬ ትዝ አላለቻትም።

አሁን እማዬ የተዋሰችውን ጃኬት ለብሳ አጠገቧ ተቀምጣለች። «እያት እስቲ የኔን ጉድ» ትላለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። ያን ለቅሶዋን ማንም የሰማባት አይመስላትም። ሁለቱ እህትማማቾች ብርድ ልብስ ተከናንበው የሚያስመስሏት ራሳቸው እንዳያለቅሱ ብለው ነበር።

ካሜራው ለእረፍት ሲቆም አቅራቢው «ስንመለስ፣ ታላቅ እህቷ ሹክ ያለችንን ጉድ እናወጣለን» ብሏል። ቀጭኔ ተነስታ ከካሜራው ኋላ ወደቆመችው ሠራተኛ ሄደች።

«እትዬ፣ ያ የነገርኩሽ ይቅር።»

«አይሆንም የኔ ቆንጆ፤ በጣም ወዶታል። ደሞ ካሜራው ወዳንቺም ይዞራል እኮ። በቲቪ ትታያለሽ።»

ይህን አላወቀችም ነበር። ለአፍታ አማራት። ግን በእማዬ ለቅሶ መታየት?

«ውሸቴን ነው» አለች። «እሷ እንደዚያ አድርጋ አታውቅም። ቀንቼባት ፈጥሬ ያወራሁት ነው።»

ሴትዮዋ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። «በገዛ እህትሽ? አታፍሪም?»

«አፍራለሁ።»

ሠራተኛዋ የደረቷን ማይክ ወደ አፏ አስጠግታ «እህትየዋ ቀጣፊ ናት፤ ያንን ጥያቄ እለፈው» አለችው፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ያደረገውን አቅራቢ። ከዚያ ጣቷን ወደ መጨረሻው ረድፍ ቀሰረች። ቀጭኔ ሄዳ ከማታውቃቸው ሰዎች መሀል ተቀመጠች።

ቀረጻው ቀጠለ። አቅራቢው ሌላ ጥያቄ ፈለገ።

«ለመሆኑ ማን አስተማረሽ?»

«ማንም» አለች ትንሿ። «በራሴ ነው።»

ቀጭኔ ተነስታ «እኔ ነኝ!» ብትል አዳራሹ ሁሉ ይሰማታል። ከጎኗ የተቀመጠ ሰውዬ ወደ እሷ ጎንበስ አለ።

«ጉደኛ ልጅ ናት። ታውቂያታለሽ እንዴ?»

«እህቴ ናት» አለች ቀጭኔ፤ ሌላ አልጨመረችም።