ከነፋሱ መግቢያ ስር የጠፉት ዚሮች

ዚሮቹ የሉም።

የቤተ መጻሕፍቱን ንድፍ ያወጣችው ዮሳቤጥ ባዶው መቆሚያ ፊት ክው ብላ ቀርታለች። ካርቱም ውስጥ አርካዊት ሰፈር ያሉ ኢትዮጵያውያን ለልጆቻቸው ያሠሩት ይህ የጭቃ ጡብ ቤት ያለ መብራት የሚቀዘቅዘው ዚር በሚባሉት፣ ውሃ በሚሞሉ ትልልቅ የሸክላ ጋኖች ነው። ከጣሪያው የሚገባው ነፋስ እርጥብ ገላቸውን እየነካ ወደ ክፍሉ ይወርዳል። ምረቃው ነገ ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ተስፋጽዮን ደግሞ ቁርጡን ተናግረዋል፤ ነገ ክፍሉ ከሞቀ ቤቱ ለመጋዘን ይከራያል።

«ፖሊስ እንጥራ?» አለች።

«እኔ አለሁ አይደል» አላት ተድላ።

ተድላ አገር ቤት መርማሪ ፖሊስ ነበር። ካርቱም ከገባ ወዲህ ግን አምጃድ የሚባለውን ትንሽ ታክሲ ይነዳል፤ ከተሳፋሪ በቀር ማንንም ጠይቆ አያውቅም። በሰው ጭንቀት መደሰት ነውር መሆኑን ያውቃል፤ ግን ደስ ብሎታል፣ ምን ይደረግ።

ሁሉም የጠረጠረው የቤተ መጻሕፍቱን ጎረቤት ጂብሪልን ነው። ጄኔሬተርና ኤሲ ይሸጣል። «ያለ ኤሲ ትቀቀላላችሁ» ሲል ያልሰማው የለም።

«ትናንት ማታ የት ነበርክ?»

«ሱቄ። ጄኔሬተር ስፈታ።»

«ማን አየህ?»

«ወላሂ፣ እጄን አሽትት።»

ተድላ አሸተተ። ቤንዚን ብቻ ነው።

ተመልሶ መቆሚያው ስር ተንበረከከ። አሸዋውን ቆነጠረ። ደረቅ ነው። ዚር ውሃ ሲሞላ ስሩ ጭቃ ይሆናል። ስለዚህ እነዚህ ከመጥፋታቸው በፊት ማንጠባጠብ አቁመዋል። አሸዋውን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ጎመን ዘር ይሸታል።

ፈገግታውን መደበቅ አቃተው። ሸክላን በጎመን ዘር የሚያሟሽ የአገሩ ሰው ነው። ያውም አዲስ መጪ፤ ካርቱም የከረመማ ዚር የሚያቀዘቅዘው ውሃ ስለሚያሳልፍ መሆኑን፣ ማሟሸት ደግሞ ቀዳዳውን እንደሚደፍን ያውቃል።

ከአገር ቤት ከመጣች ወር ያልሞላት የመጻሕፍት ጠባቂዋ የኔነሽ ናት። መደርደሪያው ጋ አገኛት።

«የኔነሽ፣ ጋኖቹን መቼ ነው ያሟሸሻቸው?»

መጽሐፉ ከእጇ ወደቀ።

«ያፈሱ ነበር፣ ጋሼ» አለች እንባዋ እየቀደማት። «መጻሕፍቱ ሊበላሹ ነው ብዬ ከትናንት በስቲያ አሟሸኋቸው። ትናንት ክፍሉ እንደ ምድጃ ሲግል ጥፋቴ ገባኝ። እንዳልባረር ፈርቼ እያንከባለልኩ ጓሮ ካርቶን ስር ደበቅኳቸው። ሌባ ወሰዳቸው ይባላል ብዬ እንጂ ሰው ይጠረጠራል ብዬ አላሰብኩም።»

ተከትላው የመጣችው ዮሳቤጥ በንዴት ጦፈች። የተሟሸ ዚር መልሶ አይረጥብም።

በሩ ላይ የቆመው ጂብሪል ነገሩን ሲተረጉሙለት ከት ብሎ ሳቀ። «ያላ፣ አምጃዱን አስነሳ። ኦምዱርማን ገበያ አዲስ ዚር አለ።»

«አንተ ኤሲ ሻጭ አይደለህም እንዴ?» አለው ተድላ።

«መብራት ሲጠፋ እኔስ የት ሄጄ ልቀዝቅዝ?»

አዲሶቹ ዚሮች ሲመጡ ዮሳቤጥ ባልዲውን ለየኔነሽ ሰጠቻት። «ከዛሬ ጀምሮ የምትሞያቸው አንቺ ነሽ» አለቻት፤ ንዴቷ ገና አልበረደም።

በማግስቱ ውጭው በቀትር ሐሩር ይነዳል። ጋሽ ተስፋጽዮን ንግግራቸውን መሃል ላይ አቋርጠው ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ሰበሰቡ።

«በሩን ዝጉት እስቲ» አሉ፤ «በረደን።»

የኔነሽ ሮጣ ዘጋችው።