የማስተዋል ብልቃጥ

ማስተዋል የሞተው ቀኝ እጁን መሳቢያው ውስጥ እንደከተተ ነበር።

ኢንስፔክተር ዘይነብ ገና ከበሩ ላይ ሳለች ዓይኗ ያረፈው እዚያ እጅ ላይ ነው። ሰውየው ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ተደፍቷል። ሸሚዙ በላብ ርሶ ከጀርባው ጋር ተጣብቋል። ከጉና ተራራ የሚወርደው የኅዳር ብርድ አጥንት በሚሰብርበት በዚያ ቅዳሜ ረፋድ፣ ደብረ ታቦር ውስጥ ላብ ያላበው ሰው እሱ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። መሳቢያው ውስጥ ያለው እስክሪብቶና ወረቀት ሁሉ ተገለባብጧል።

«ምን ሲፈልግ ይመስልሻል ሲስተር?» አለች ዘይነብ።

ሬሳውን ያገኘችው ነርሷ ሕይወት ናት። ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። «ስኳር ነዋ» አለች። «ማስተዋል ከልጅነቱ ጀምሮ የስኳር ሕመምተኛ ነው፤ ኢንሱሊን ይወጋል። ድንገት ሲወርድበት የሚቅመው አንድ ጣሳ ስኳር እዚያ መሳቢያ ውስጥ አይጠፋም። ትናንት ከሰዓት እኔ ራሴ ለሻዬ አንድ ማንኪያ ወስጄበታለሁ።»

«ዛሬስ?»

ሕይወት ወደ መሳቢያው ተመለከተች። ጣሳው የለም።

ክሊኒኩ ከከተማዋ ዳር ያለ ጸጥተኛ ግቢ ነው። ትልቁ አንጀታቸው እየቆሰለ ደም የሚያስቀምጣቸው ሕፃናት ከየወረዳው እየመጡ ይታከሙበታል። ቁስሉን የሚያስታግሰው ስቴሮይድ የተባለው መድኃኒት የአንዳንዶቹን ስኳር ስለሚያንር ኢንሱሊን ይወጋሉ። ኢንሱሊኑ ለእነዚህ ልጆች ምን ያህል አስተማማኝ እንደሆነ ማጥናት ደግሞ የግቢው ምርምር ነው። ማስተዋል የዚህ ምርምር መረጃ ያዥ ነበር። ሪፖርቱ ሰኞ ይገባ ስለነበር ቅዳሜም ብቻውን ሊሠራ መጥቷል።

ጠረጴዛው ላይ የራሱ የስኳር መለኪያ ተቀምጧል። ዘይነብ ቁልፉን ስትነካው የመጨረሻው ቁጥር ብቅ አለ፤ ሃያ አራት።

«ከሰባ ሲወርድ ነው እኛ የምንደነግጠው» አለች ሕይወት፤ ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

በዚህ መሃል ዶክተር አዳነ ገቡ። የምርምሩ መሪ እሳቸው ናቸው፤ ስልሳ ዓመት የተጠጉ፣ ጸጉራቸው የሸበተ ሰው። ማስተዋልን በአሥራ ሁለት ዓመቱ ራሱን ስቶ ከገሳይ በቃሬዛ ሲያመጡት ያዳኑት እሳቸው ናቸው። መርፌ መውጋትን ብርቱካን ላይ አለማምደው፣ አስተምረው፣ ሥራ ያስያዙትም እሳቸው ናቸው። ሬሳውን ሲያዩ የወንበሩን መደገፊያ ያዙ።

«ጾም ነው» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «አርባ አምስት ዩኒት ወግቶ ቁርስ ሳይበላ ከተቀመጠ ሌላ ምን ይመጣል? ስንት ጊዜ ለምኜዋለሁ! ልጄ ነበር እኮ ኢንስፔክተር።»

«ሕመሙን የሚከታተሉለት እርስዎ ነበሩ?»

«ድሮ ነው። አሁንማ ራሱን የቻለ ሰው ነው፤ ስኳሩን ካየሁለት ዓመት አልፎኛል።»

ዘይነብ አንገቷን ነቀነቀች። የሰውየው ኀዘን ልቧን ነካው። እሷም የዚሁ ከተማ የገበያ ሰፈር ልጅ ናት፤ አባቷ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። እኚህን ሐኪም ከተማው ሁሉ እንደሚያመሰግናቸው ታውቃለች፤ የእህቷን ልጅ ሙናን ከሞት አፋፍ የመለሷትም እሳቸው ናቸው። ይህን ከመምጣቷ በፊት ለአዛዧ ነግራው ነበር፤ እሱ ግን ሌላ መርማሪ የለኝም ብሎ ላካት። ዶክተሩን ደግፋ ወደ ውጭ አስወጣቻቸውና ተመልሳ ክፍሉን መፈተሽ ጀመረች።

ከጠረጴዛው ሥር የምሳ ዕቃ አገኘች። እንጀራው በሽሮ ከግማሽ በላይ ተበልቷል።

«ሲስተር፣ አይጾምም ነበር እንዴ?»

«የንስሐ አባቱ ከልክለውታል። በሽተኛ ነህ፣ ብላ ብለው ገዝተውታል። በልቶ ነው የሚወጋው፤ አንድም ቀን አዛብቶ አያውቅም።»

«ስንት ዩኒት ነው የሚወጋው?»

«ሃያ ሁለት። ዓመቱን ሙሉ ሃያ ሁለት። ሰሞኑን ግን ስኳሬ አልወርድ አለ፣ እየጨመርኩ ነው ይለኝ ነበር። ስንት እንዳደረሰው አልነገረኝም።»

ዘይነብ ከሟቹ የውስጥ ኪስ አንዲት ትንሽ ደብተር አወጣች። በየቀኑ የተለካው ስኳርና የተወጋው መጠን በንጹሕ እጅ ጽሑፍ ሰፍሯል። እስከ ጥቅምት መጨረሻ ሃያ ሁለት ነው። ከዚያ ስኳሩ በድንገት ወደ ሦስት መቶ ወጣ። መጠኑ ሃያ ስምንት ሆነ፤ ሠላሳ አራት፤ አርባ። ያለፉት አምስት ቀናት አርባ አምስት ነው፤ ስኳሩ ግን ከሁለት መቶ ሰማንያ ንቅንቅ አላለም። የዛሬ ጠዋትም ያው አርባ አምስት።

ዘይነብ ደብተሩን ይዛ ቆመች። ሰውየው ያው ነው፤ ምግቡ ያው፣ መጠኑም ያው። ትናንት አልበቃው ያለው መጠን ዛሬ ገደለው። እንግዲህ የተለወጠው ብልቃጡ ውስጥ ያለው ነገር ነው።

መሳቢያውን እስከ ጥጉ ሳበችው። ከወረቀቶቹ ሥር አንዲት ባዶ የኢንሱሊን ብልቃጥ ተኝታለች፤ «ማስተዋል» የሚል ወረቀት ተለጥፎባታል። ባለፈው ሳምንት የጨረሳት መሆን አለባት። ተለጣፊውን በጥፍሯ ላጠችው። ከሥሩ የምርት ቁጥር ወጣ።

*

ፋርማሲስቱ ከማል መድኃኒት ክፍሉ ውስጥ ነበር። ከማስተዋል ጋር በዚያው ሳምንት ሲጨቃጨቁ ሰው ሁሉ ሰምቷል።

«በምን ተጣላችሁ?»

«አልተጣላንም። በሐምሌ የተበላሸው ኢንሱሊን የት ደረሰ ብሎ ያዘኝ። ተቃጥሏል አልኩት። ሲቃጠል አይተሃል? አለኝ። እንዴት ትጠረጥረኛለህ ብዬ ጮህኩበት። እንግዲህ ይቅር ይበለኝ።»

«ምን ነበር የተበላሸው?»

«መብራት ሄድ መለስ ሲል የፍሪጁ መቆጣጠሪያ ተበላሸና አሥር ብልቃጥ በረዶ ሆነ። በረዶ የመታው ኢንሱሊን ቢቀልጥም ኃይል የለውም። ችግሩ በዓይን አይለይም፤ አንዳንዱ ውሃ መስሎ ይቀመጣል። ሳናውቀው ለቀናት ለልጆች ተሰጥቷል። ሐምሌ ሃያ ቀን ነው የደረስኩበት። ወዲያው አዲስ አስገባሁና ለዶክተር ነገርኳቸው።»

«አሥሩንስ?»

«ዶክተር ራሴ አቃጥለዋለሁ ብለው ወሰዱት። በማግስቱ ተቃጥሏል የሚል ቅጽ አመጡልኝ፤ ፈረምኩ።»

«ሳታይ?»

ከማል አቀረቀረ። «ዶክተር አዳነን ምን ብዬ ልጠይቅ? አባት አይደሉ እንዴ?»

ዘይነብ ብልቃጧን አስቀመጠችለት። ከማል ቁጥሩን ከመዝገቡ ጋር አስተያየ፤ ፊቱ አመድ መሰለ። ብልቃጧ ተቃጠሉ ከተባሉት ከአሥሩ አንዷ ናት።

ዘይነብ ወደ ሕይወት ተመለሰች። «ሐምሌ ሃያ ቀን ኢንሱሊን የሚወጋ ልጅ ማን ነበር?»

«ማሬ። ከጉና ሥር የመጣች የዘጠኝ ዓመት ልጅ። መድኃኒቱ አልሠራ ስላላት መጠኑን በየቀኑ እንጨምርላት ነበር።» ሕይወት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሐምሌ ሃያ አንድ ማለዳ አንቀጥቅጧት ሞተች። ዶክተር ደም ፈሷት ነው አሉን። ስኳሯ ደኅና ነበር ተብሎ ተጽፏል።»

«ማን ለካው?»

«እሳቸው። ማስተዋል ሰሞኑን አሮጌ መለኪያዎችን ሰብስቦ ከወረቀቱ ጋር ሲያስተያይ ነበር። ምን አገኘህ ብዬ ብጠይቀው፣ አንድ ሰው እንዲናገር እየጠበቅኩ ነው አለኝ።»

ሁለቱ ሴቶች መለኪያዎቹን አንድ በአንድ ከፈቱ። የማሬ ወረቀት ላይ የሰፈረው 119 ነው። መለኪያው ያስታወሰው ግን 19። የፊቷ አንድ ቁጥር ከሌሎቹ ትንሽ ትጠቁራለች። የተጨመረችው አንዲት ጭረት ብቻ ናት።

ሕይወት መሬት ላይ ቁጭ አለች። «በኔ እጅ ነው የወጋኋት» አለች። «አዲሱን ብልቃጥ፣ በድሮው መጠን። ቀንሺ ያለኝ ሰው የለም።»

*

ሰኞ ጠዋት ዘይነብ ሁሉንም በክሊኒኩ ስብሰባ አዳራሽ አስቀመጠቻቸው። ዶክተር አዳነ ከፊት ናቸው፤ ሕይወትና ከማል ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ከበሩ አጠገብ ጋቢያቸውን የተከናነቡ አንድ ገበሬ አሉ፤ የማሬ አባት ሙላቴ። እስከ ገሳይ በበቅሎ፣ ከዚያ በሚኒባስ ነው የመጡት።

«ማስተዋል ጾም አልገደለውም» ብላ ጀመረች ዘይነብ። «በልቷል። መጠንም አልተሳሳተም፤ አምስት ቀን ሙሉ የወጋውን ነው ቅዳሜም የወጋው። ገዳዩ መርዝ አላስፈለገውም። ማስተዋል በክሊኒኩ ፍሪጅ የሚያስቀምጠውን ኢንሱሊን አንሥቶ በረዶ የመታውን በስሙ ለጥፎ አስቀመጠለት። መድኃኒቱ አልሠራ ሲለው ማስተዋል መጠኑን ጨመረ፤ ገዳዩ ጠበቀ። እጥፍ ሲደርስ፣ ዓርብ ማታ ደኅናውን ብልቃጥ መለሰለትና የስኳሩን ጣሳ ከመሳቢያው ወሰደ። ቅዳሜ ጠዋት ማስተዋል በገዛ እጁ ወጋ።»

«ይህን ማን ያስባል?» አሉ ዶክተር አዳነ።

«አንድ ጊዜ ሲሆን ያየ ሰው። ማሬ የሞተችው እንዲሁ ነው። በደካማው ኢንሱሊን መጠኗ ሲጨመር ሲጨመር ቆየና አዲሱ ሲገባ ያው መጠን ተሰጣት። መቀነስ የነበረበት ሰው ረሳ። ስህተት ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ስህተት አይደለም፤ አሥራ ዘጠኝ የነበረው ቁጥር መቶ አሥራ ዘጠኝ ሆነ።»

ሙላቴ ጋቢያቸውን ጠበቅ አደረጉ።

«የመድኃኒቱ ቁልፍም መዝገቡም በከማል እጅ ነው» አሉ ዶክተሩ። «የቃጠሎውን ቅጽ የፈረመው እሱ ነው። ለምን እሱን አትጠይቂውም?»

ከማል ከመቀመጫው ተነሣ። አባት ብሎ የያዛቸውን ሰው አየና መልሶ ተቀመጠ።

«ጠይቄዋለሁ» አለች ዘይነብ። «ሁሉንም አንድ ጥያቄ ጠየቅኩ፤ ማስተዋል ስንት ይወጋ ነበር? ሲስተር ሃያ ሁለት አለች። ከማል አላውቅም አለ። አርባ አምስትን የሚያውቀው ደብተሩ ብቻ ነው፤ ደብተሩን እኔ ከኪሱ ያወጣሁት እርስዎ ከክፍሉ ከወጡ በኋላ ነው። እርስዎ ግን ገና እንደገቡ አርባ አምስት ዩኒት ብለው አለቀሱ። ዓመት ሙሉ ስኳሩን ያላየ ሐኪም ይህን ከየት አመጣው?»

ዘይነብ ሰዓቷን አየች።

«ባልደረባዬ ሳጅን ደረጄ አሁን ቤትዎ ነው፤ በፍርድ ቤት ፈቃድ ፍሪጅዎን እየፈተሸ ነው። የቀሩት ብልቃጦች—»

«ይበቃል» አሉ ዶክተር አዳነ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «እውነቱ ቢወጣ ምርምሩ ይቆም ነበር። ሁለት መቶ ልጆች አሉ፤ ወደ ቤታቸው ይመለሱ ነበር። ስሜም…» አልጨረሱትም።

«ማስተዋል የተለወጠውን ቁጥር ሲያገኘው ምን አለዎት?»

«ወደ እኔ ነው ቀድሞ የመጣው። አባዬ፣ እኔ እርስዎን አልከስም፤ ራስዎ ይናገሩ፣ ሪፖርቱ እስኪገባ እጠብቅዎታለሁ አለኝ።»

«ሦስት ሳምንት ሰጠዎት።»

«ሰጠኝ።»

«መድኃኒቱ አልሠራ ሲለውስ?»

ሽማግሌው ሐኪም ጠረጴዛው ላይ ያለውን መነጽር ገፋ አደረጉት። «ያንንም እኔኑ ነው የጠየቀኝ» አሉ። «ጨምር አልኩት።»

ሕይወት ጮኻ አለቀሰች። ዘይነብ የእህቷ ልጅ ሙና ከክሊኒኩ የወጣች ዕለት፣ የልጅቷ እናት የእኚህን ሰው እጅ ስትስም አጠገቧ ቆማ ነበር።

ሙላቴ ተነሥተው ወደ ዶክተሩ ተጠጉ። ድምፃቸውን አላነሡም።

«ማሬን ስንቀብራት ያን ሁሉ ዳገት በእግርዎ ወጥተው መጡ። ከእኔ ይልቅ አንቱ አለቀሱ። አገሩ ሁሉ፣ ለደሃ ልጅ እንዲህ የሚያዝን ሰው አለ ወይ ብሎ መረቀዎ። እኔም እጄን ዘርግቼ፣ ዘርዎ ይባረክ ብዬ መርቄዎ ነበር።» ቆም አሉ። «ያን ምርቃት አሁን ምን ላድርገው?»

ሙላቴ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ። ዘይነብ እስከ መናኸሪያ በመኪና ላድርስዎ ብትላቸው ዞር ሳይሉ እጃቸውን ብቻ አወዛወዙ።

ከቀትር በኋላ ዶክተሩ ተወሰዱ፤ ምርምሩም ታገደ። ልጆቹ ግን መድኃኒታቸውን ማቋረጥ የለባቸውምና ሲስተር ሕይወት የወላጆቹን ስልክ ዝርዝር ይዛ ተቀመጠች። ዘይነብ ቃሏን ልታስፈርማት መጥታ አጠገቧ ቆመች። ሰባተኛ የተደወለላት ንፋስ መውጫ ከተማ የምትኖር እናት ናት። ሁሉንም ሰማች፤ ከዚያ ድምፅዋ በስልኩ ውስጥ ቀጥኖ መጣ።

«ታዲያ ልጄን ከእንግዲህ ማን ያያታል?»

«እኔ አለሁ እህቴ፤ አይዞሽ» አለች ሕይወት።

«እሳቸውም እንዲሁ ነበር የሚሉን» አለች ሴትዮዋ፤ ስልኩንም ዘጋችው።