ትርፉ ስልሳ ኪሎ

ማመን የማትፈልጉ ካላችሁ ከአሁኑ ተዉት። እኔ የምነግራችሁ በዓይኔ ያየሁትን ነው።

የካቲት ነው፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ቦሊቪያ፣ ትሪኒዳድ አየር ማረፊያ። ሥራዬ በትንንሽ አውሮፕላኖች የሚሄዱ መንገደኞችን መመዘን ነው።

ሩሬናባኬ የምትባለው ከተማ ድረስ በአየር 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። በዝናብ ወራት በመኪና አይታሰብም። መንገዱን ውሃ ይውጠዋል።

ታናሽ እህቴ ኔይዳ እያለከለከች መጣች። ከአባቷ ጋር ሩሬናባኬ የሄደችው የአራት ዓመት ልጇ ታማ ተኝታለች፤ ትኩሳቱ አልለቅ ብሏታል።

ፓይለቱ ካፒቴን ኦስማር ቀድሞ አስጠንቅቆኛል።

«ሊስቤት፣ ሦስቱም መንገደኞች ተደምረው ከ250 ኪሎ እንዳይበልጡ። እዚያ ደመና ከዘጋብኝ የምመለስበትን ነዳጅ ይዣለሁ።»

ሁለቱ የከብት ነጋዴዎች 175 ሆኑ። ኔይዳ ሚዛኑ ላይ ወጣች።

መርፌው 118 ላይ ቆመ።

እህቴ 58 ናት...

«ምን ተሸክመሽ ነው?» አልኳት በሹክሹክታ።

«ሁለት የአይብ ዳቦ! ወፍረሻል ልትይኝ ነው እንዴ?»

ወረደች። መርፌው ግን ወደ ዜሮ አልተመለሰም።

60 ላይ ቀረ።

ብረቱ ላይ እርጥብ የባዶ እግር ዱካ አየሁ። ኔይዳ ጫማ አድርጋለች...

ሚዛኑን በእርግጫ መታሁት። ዜሮ።

«እስቲ ድገሚው።»

118።

እውነቱን ብጽፍ አንድ ሰው ይቀራል። መጨረሻ የመጣችው ደግሞ እሷ ናት። እኛ ዘንድ ለዘመድ ኪሎ መቀነስ ነውር አይደለም፤ ሁላችንም እናደርገዋለን። ሚዛኑ ተበላሽቷል ብዬ 58 ጻፍኩ።

ምነው እጄን በቆረጠው!

ወደ አውሮፕላኑ ስትሄድ አንድ ትከሻዋ ዘንበል ብሎ ነበር። ሰው የተደገፋት ነው የምትመስለው።

ከተነሱ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሬዲዮው ጮኸ።

«ሊስቤት፣ ስንት ሰው ነው የጫንሽልኝ?»

«ሦስት፣ ካፒቴን።»



«ታዲያ ከእህትሽ ጎን ያለው ማነው?»

«ማንም የለም!»

ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እያወራችው ነው።»

«ይመለሱ! በእግዜር ይመለሱ!»

«ከበደኝ... ከፍ አልል አለኝ...»

ከዚያ በኋላ ምንም አልሰማሁም።

ዘጠኝ ቀን ፈለጓቸው። አንዲት ቁራጭ ብረት እንኳ አልተገኘችም። የኔይዳ ልጅ ከትኩሳቱ ድናለች። በስልክ «አክስቴ፣ እማዬ መቼ ነው የምትመጣው?» ትለኛለች። ስልኩን ዘግቼ አለቅሳለሁ።

በአሥረኛው ቀን፣ ልክ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ብቻዬን ነበርኩ።

ባዶው ሚዛን ሲንቋቋ ሰማሁ።

58።

«ኔይዳ?» አልኩ።

መርፌው ተንቀጠቀጠ... ከዚያ ቀስ እያለ ወጥቶ 118 ላይ ቆመ።