ጠረጴዛውን ያንኳኳው ጣት

የመዝገበ ቃላት አዘጋጁ ዶክተር ኡቦ ቴርፕስትራ የቃላት ካርዶቹ ላይ ተደፍቶ የተገኘው ሐሙስ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። የነሐስ ወረቀት መጫኛ ማጅራቱን ብሎታል። ሌይደን ከተማ ውስጥ ከእሱ የሰላ ጆሮ የለም ይባል ነበር፤ ከቦዩ ማዶ ያነጠሰ ሰው የየት መንደር ተወላጅ እንደሆነ ይለያል ተብሎለታል።

ፖሊሶቹ ጸሐፊዋን አሊዳን በካቴና አስረዋታል፤ ካርዶቹን ስምንት ሰዓት ላይ ያስገባችለት እሷ ናት፣ ከዚያ ወዲህ በሕይወት ያየው የለም። ጀልባ የሚያንሳፍፍ እንባ አፍስሳለች። መርማሪዋ ሜክቴልት ሮርዳ ግን፣ የትንኝ ዱካ ከዝናብ በኋላ የምትከተል ሴት፣ «የፖሊስ መኪናው ይጠብቅ» አለች።

አሊዳ ስለ ሟቹ ስትጠየቅ ኩራቱን አነሳች፤ ሰባት ወር ሙሉ ከኋላው ሆና ሰላም ስትለው አንድ ቀን ዞሮ አያውቅም። ረዳቱ ቪብረን ሃክስማ ከቀትር በፊት ሃርለም ከተማ ሄጄ ማምሻዬን ተመለስኩ አለ። የሟቹ እህት ፌና ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ስታጠና ውላለች፤ አርባ ሴቶች መሰከሩላት።

ሜክቴልት ካርዶቹን አየች። በየካርዱ አንድ ጥምር ስም በየክፍለ ቃሉ ተከፋፍሏል፤ ከአርባው ካርድ በሃያ ሦስቱ ላይ ብቻ፣ ጠንክሮ ከሚነገረው ክፍል ሥር ቀይ መስመር ተሰምሯል። ከሟቹ ወንበር ትይዩ ጠረጴዛው ምስር በምታህል ጉድጓድ ተቦርቡሯል። ፌናን ወደ መስኮቱ ወስዳ በሹክሹክታ ጥቂት ጠየቀቻት፤ ፌናም በሹክሹክታ መለሰችላት። ከዚያ ሁሉንም ሰበሰበች።

«ዶክተሩ ከሦስት ዓመት ወዲህ ጆሮው ጨርሶ አይሰማም ነበር።»

ቪብረን ሳቀ። «እመቤት፣ ይልቅ ሌላ ቀልድ ያምጡ።»

«ቃል መክፈል የዓይን ሥራ ነው፤ ብቻውን ይሠራዋል። የሚጠነክረውን መለየት ግን የጆሮ ነው፤ ከትዝታ ማስመር ደግሞ በዚህ ቤት ክልክል ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ትይዩ ተቀምጦ ቃሉን እያነበበ፣ የሚጠነክረው ላይ ሲደርስ ጠረጴዛውን ይመታል። ዶክተሩ መዳፉን እንጨቱ ላይ ዘርግቶ በእጁ ይሰማል።»

«እና ጠረጴዛውን የመታችው አሊዳ አትሆንም?» አለ ቪብረን።

«አሊዳ የናቃት መስሏት ነው የኖረችው። ፌና እንደነገረችኝ ምስጢሩን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንዷ እሷ ራሷ ስትዘምር ነበር። ካርዶቹ ከስምንት ሰዓት በፊት እዚህ አልነበሩም፤ ሃያ ሦስቱ ግን ተሰምረዋል። ጣትዎን ያሳዩኝ፣ አቶ ሃክስማ።»

የመሃል ጣቱ አንጓ እንደ ግመል ጉልበት ደድሯል። ቪብረን ራሱም አየው።

«መዝገበ ቃላቱ ሊታተም ነው» አለ። «ሦስት ዓመት ጆሮህ ነበርኩ፣ ሽፋኑ ላይ ከስምህ ሥር ስሜን አስገባልኝ አልኩት። ከንፈሬን ትክ ብሎ አየና…» ጣቱን አጠፈ። «‹አልሰማሁህም› አለኝ።»

ፖሊሱ ካቴናውን ከአሊዳ እጅ ፈታና ወደ እሱ ዞረ።