የሚስተር ፔንደርሊ የመጨረሻ አራት ገጾች

ሚስተር ፔንደርሊ ግንባሩን የጽሕፈት መኪናው ላይ ደፍቶ ነው የተገኘው። ያ ለንደን የምታብድለት የስለላ መጽሐፍ ደራሲ! ወረቀት መጫኛ ባደረጋት የነሐስ ኤሊ አናቱን ብለውታል። ኢንስፔክተር ሊንዶ ከደሴቲቱ የወደብ ከተማ ከፖርት አንቶኒዮ ስምንት ሰዓት ላይ ሲደርስ ግን ከሬሳው ይልቅ መኪናው ላይ የተሰካው ወረቀት ነው ዓይኑን የያዘው። ገጽ ዘጠና አንድ። አነበበው፤ ደግሞ አነበበው።

«ልብ ወለድ ሊያነቡ ነው እንዴ የመጡት?» አለች ሚስስ ፔንደርሊ። እንባ የሚባል የላትም፤ ባሏን አትወደውም፣ አልደበቀችውም እኮ።

«በሕይወት ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት መቼ ነው?»

«አምስት ሰዓት ላይ፣ ሻይ ሳስገባለት። ሰማኒያ ሰባተኛውን ገጽ እየጨረሰ ነበር።»

«በሁለት ጣት ነው የሚመታው» አለ ክሮፍት፣ ከለንደን የመጣው አሳታሚ። «አንዱ ገጽ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። ዘጠና አንድ ላይ ከደረሰ እስከ ሰባት ሰዓት ኖሯል ማለት ነው...»

ሚስስ ፔንደርሊን ቀና ብሎ አያት። ሰባት ሰዓት ላይ እቤት የነበሩት እሱና ሚስትየዋ ብቻ ናቸዋ!

«እኔ ከአምስት ተኩል ጀምሮ ገበያ ነበርኩ» አለች ኡና፣ ጽሑፉን በመኪና በንጹሕ የምትገለብጥለት ልጅ። «ግማሽ ከተማ አይቶኛል።»

«አባትሽ ዓሣ አስጋሪው ኢዝሬል አይደሉ?»

«ነበሩ። አምና ሞቱ።»

ሊንዶ የሰውዬውን አሥራ ሁለት መጽሐፍ አንጀቱ እያረረ አንብቧል። ከሰማኒያ ስምንት እስከ ዘጠና ያሉትን ገጾች ከጠረጴዛው ላይ አነሣ፤ የቀሩት ሰማኒያ ሰባት ገጾች የሉም። ሦስቱንም ሰዎች በረንዳው ላይ ሰበሰባቸው።

«ፔንደርሊ ለሽጉጥ ሦስት ገጽ ይሰጣል፣ ለእራት አንድ፣ ለሚገደለው ጥቁር ግማሽ መስመር። ጥቁር እሱ ዘንድ ዓይኑን ያጉረጠርጣል እንጂ አይናገርም። ሽማግሌውንም 'አንተ ልጅ' ነው የሚለው። እዚህ ግን ሽማግሌው ገጽ ሙሉ ያወራል። ስሙ ደግሞ 'ማስ ኢዝሬል' ነው።»

«'ማስ' ምንድን ነው?» አለ ክሮፍት።

«አያችሁ? አታውቁትም፤ እሱም አያውቀውም። የኛ ሰው ግን ትልቅ ሰውን 'ማስ' ብሎ ያከብራል እንጂ በባዶ ስሙ አይጠራም። እነዚህን አራት ገጾች የጻፈ የዚህ አገር ልጅ ነው። በዐሥር ጣት የሚመታ ገዳይ ደግሞ በሃያ ደቂቃ ይጨርሳቸዋል፤ ከዚያ ገበያ ይሄዳል። ሚስ ኡና፣ ባዶውን ስም ብትጽፊ እኮ ማንም አይደርስብሽም ነበር!»

«ጣቴ እምቢ አለኝ» አለች ኡና። «በአሥራ ሁለተኛው መጽሐፍ አባቴን በስማቸው ዝንጀሮ አደረጋቸው። ወደብ ላይ የሰከረ ሁሉ 'ዝንጀሮ' እያለ እየጮኸባቸው፣ ቤት ዘግተው ተቀምጠው ሞቱ። በአሥራ ሦስተኛው ደግሞ ሊመልሳቸው! ያውም በኔ እጅ ሊያስገለብጥ! ሰማኒያ ሰባቱን ገጽ ገበያው ዳቦ ቤት ምድጃ ውስጥ ከተትኳቸው። ደስ ሲሉ ነደዱ።»

ክሮፍት ሌላ ነገር ነው ያሳሰበው። «የቀሩትን አራቱን ስጡኝ። የመጨረሻ ጽሑፉ ተብለው...»

«የሱ አይደሉም» አለ ሊንዶ፣ ገጾቹን እያጠፈ። «ማስረጃ ናቸው። ፍርድ ቤት፣ የለንደን ጋዜጠኞች ፊት፣ ጮክ ተብለው ይነበባሉ።»

ኡና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። እጇን ለካቴናው ዘረጋች።

«ታዲያ ቀስ ብለው ያንብቡት፣ ኢንስፔክተር። አባቴ ሲናገሩ አይቸኩሉም ነበር።»